ከአሮጌው ስልክ ወደ አዲሱ፦ ስም ሳይጠፋ፣ ቁጥር ሳይጎድል

በዚህ ዓምድ ስለ ሕፃናት አመጋገብ፣ ስለ ቤት ወጪ አያያዝና ስለ ትዳር ብዙ ጊዜ ተወያይተናል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲታይ የባለሙያ ሥራ እንጂ የቤት እመቤት ጉዳይ የማይመስል ነው። ይኸውም በስልካችን ውስጥ የተመዘገቡትን ስሞችና ቁጥሮች ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ የፋይል ዓይነት ወደ ሌላው ስለ ማዛወር ነው። ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ መሆኑን የተረዳሁት በራሴ ጥፋት ስለሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የደረሰብኝን እነግራችኋለሁ።

እናቴ ለዘጠኝ ዓመት የተጠቀመችበት ስልክ ነበራት። ባትሪው እየደከመ፣ ድምፁ እየቆረጠ ሲያስቸግራት ጊዜ አዲስ ስልክ ገዛሁላት። በአሮጌው ውስጥ 200 የሚያህሉ ስሞች ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹን በአማርኛ የመዘገበችው ራሷ ስትሆን፣ የቀሩትን ደግሞ እኔና ወንድሜ በየጊዜው የሞላንላት ናቸው። ስሞቹን አንድ በአንድ ከመገልበጥ ይልቅ በኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ ላውጣቸው ብዬ፣ ዝርዝሩን በሠንጠረዥ መልክ አወጣሁና በኤክሴል ከፈትኩት። ሁለት ሦስት የፊደል ስሕተት አረምኩ፤ በዚያው ፋይል ላይ መልሼ አስቀመጥኩት፤ ወደ አዲሱ ስልክም አስገባሁት። አሮጌውን ስልክ ደግሞ በውስጡ ያለውን ሁሉ ደምስሼ ለአንድ የዘመድ ልጅ ሰጠሁ። ሥራው በአንድ ከሰዓት በኋላ በማለቁም ራሴን አመሰገንኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እናቴ ለ30 ዓመት በአንድ ማኅበር ጽዋ የጠጡ፣ እንደ እኅት የምታያቸው ወዳጇ ዐረፉ። ልጃቸው በሌሊት ሁለት ጊዜ ደወለች። በአዲሱ ስልክ ላይ የታየው ግን ስም አልነበረም፤ ቁጥር ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ስለ አጭበርባሪዎች ሰምቼ፣ «እማዬ፣ የማታውቂው ቁጥር ሲደውል አታንሺ፤ በተለይ ማታ» ብዬ አስጠንቅቄያት ነበር። አላነሳችም። መርዶውን የሰማችው ከቀብር በኋላ ነው።

እናቴ አልተቆጣችኝም። «እኔን የጠፋኝ ስልክ አይደለም፤ ልቅሶዬ ነው» ብቻ አለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ይህን ነገር ጠንቅቄ ለማወቅ ቆርጬ ተነሣሁ። የተማርኩትንም ለእናንተ እነሆ።

ጥፋቱ ከየት መጣ?

ፋይሉን በኋላ መርምሬ እንዳየሁት ጥፋቱ የስልኩ አልነበረም። ኤክሴል ለሒሳብ የተሠራ ፕሮግራም እንደ መሆኑ፣ በቁጥር የተጻፈን ነገር ሁሉ የሚደመርና የሚቀነስ መጠን አድርጎ ይወስዳል። ለሒሳብ ደግሞ ከፊት ያለ ዜሮ ትርጉም የለውም። ስለዚህ 0911 ብሎ የሚጀምረውን ቁጥር 911 ብሎ እንዲጀምር ያደርገዋል። በ+251 የሚጀምረው ባለ 12 አኃዝ ቁጥር የሚገጥመው ግን ከዚህም የከፋ ነው። መጀመሪያ የመደመር ምልክቱ ይጠፋል፤ ቀጥሎም ቁጥሩ እጅግ ትልቅ መጠን ይመስልና «2.51911ኢ+11» በሚመስል የሳይንስ አጻጻፍ ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በማያ ገጹ ላይ እንዲህ ሆኖ መታየቱ ብቻውን ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚደርሰው ፋይሉ በዚህ ሁኔታ ላይ እንዳለ በሠንጠረዥ ፋይልነት መልሶ ሲቀመጥ ነው። ያን ጊዜ የሚጻፈው የሚታየው ነውና፣ ከ12ቱ አኃዝ የመጀመሪያዎቹ 6 ብቻ ይቀራሉ፤ የቀሩት 6 ለዘለዓለም ይጠፋሉ። የወዳጇን ልጅ ቁጥር በ+251 የመዘገብኩት እኔው ራሴ ነበርኩ። ስሟ በአዲሱ ስልክ ውስጥ በትክክል ተቀምጦ ነበር፤ ከስሙ ሥር ያለው ቁጥር ግን የማንም አልነበረም። ስልኩም ደዋይዋን ሊያውቃት አልቻለም።

ዜሮው ብቻ የጠፋበት ቁጥር ግን ይድናል። የአገራችን የስልክ ቁጥር ዜሮው ሲቀር 9 አኃዝ ነው። ስለዚህ በ9 ወይም በ7 የሚጀምር ባለ 9 አኃዝ ቁጥር የእጅ ስልክ፣ በ11 የሚጀምር ደግሞ የአዲስ አበባ የመስመር ስልክ ነው፤ ከፊቱ ዜሮ ወይም +251 ቢጨመርለት ይስተካከላል። በ7 የሚጀምሩት እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ የጀመረው የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ቁጥሮች ስለሆኑ፣ «ከ9 ሌላ የእጅ ስልክ የለም» ብላችሁ እንዳትሰርዟቸው።

ስሞች የሚኖሩት የት ነው?

ብዙዎቻችን «ስልኬ ላይ አለ» እንላለን እንጂ ስሙ በትክክል የት እንደተቀመጠ አንጠይቅም። ስም በሦስት ቦታ ሊቀመጥ ይችላል። አንደኛው በሲም ካርዱ ላይ፣ ሁለተኛው በስልኩ ቀፎ ውስጥ፣ ሦስተኛው ደግሞ እንደ ጉግል ወይም አይክላውድ ባለ የኢንተርኔት አካውንት ውስጥ ነው።

ሲም ካርድ ጠባብ ጓዳ ነው። ብዙዎቹ ሲም ካርዶች እስከ 250 ስም ይይዛሉ፤ በተለምዶ ለአንድ ስም አንድ ቁጥር ብቻ ያስቀምጣሉ፤ ፎቶግራፍ፣ አድራሻና ማስታወሻ አይቀበሉም። ከዚህም በላይ የአማርኛ ፊደል በሲም ላይ ከላቲን ፊደል እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ፣ ረዘም ያለ የአማርኛ ስም መጨረሻው ይቆረጣል። «የትምህርት ቤቱ ጥበቃ» ብላችሁ ያስቀመጣችሁት «የትምህርት» ብቻ ሆኖ ብታገኙት አትደነቁ።

በቀፎው ውስጥ ያለው ሰፊ ነው፤ ነገር ግን ቀፎው ሲሰረቅ ወይም ውሃ ውስጥ ሲወድቅ አብሮ ይሄዳል። በአካውንት ያለው በሌላ ስልክ ላይ በዚያው ስም ሲገባ ተመልሶ ይመጣል፤ ለዚህ ግን የይለፍ ቃሉን ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ እናቶች አካውንታቸውን የከፈተላቸው የስልክ ሻጩ ወይም ከቤት የወጣ ልጅ ነውና፣ የይለፍ ቃሉን ዛሬውኑ ጠይቃችሁ በቤታችሁ ደብተር ላይ ጻፉት።

ሁለቱ የፋይል ዓይነቶች

ስሞች ከስልክ ሲወጡ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ዓይነት ልብስ አንዱን ይለብሳሉ።

የመጀመሪያው ቪካርድ የሚባለው ሲሆን፣ የፋይሉ ስም በ«ቪሲኤፍ» ያበቃል። ይህ ማለት ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ ተጽፎ፣ ካርዶቹ በአንድ ፋይል ተደርድረው ይቀመጣሉ ማለት ነው። በካርዱ ላይ ስም፣ ቁጥር፣ የቤት አድራሻ፣ የልደት ቀን፣ ፎቶግራፍም ሳይቀር ሊሰፍር ይችላል። አንድ ሰው አራት ቁጥር ቢኖረውም ካርዱ አይጠበውም። የዘመኑ ስልኮች ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ያነባሉ።

ሁለተኛው ሲኤስቪ የሚባለው የሠንጠረዥ ፋይል ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ረድፍ ይይዛል፤ ስሙ፣ ቁጥሩና አድራሻው በላቲኑ ነጠላ ሰረዝ ይለያያሉ። የመጀመሪያው ረድፍ አርእስት ነው፤ የትኛው ዓምድ ስም፣ የትኛው ቁጥር እንደሆነ ይናገራል። ይህ ዓይነት በኮምፒዩተር ላይ ለማየትና ለማረም ይመቻል፤ ለመሥሪያ ቤት ሥራና ለእድር ጸሐፊዎችም ተስማሚ ነው። ፎቶግራፍ ግን አይሸከምም። ችግሩም የአርእስቱ አጻጻፍ ከፕሮግራም ፕሮግራም መለያየቱ ነው። የጉግል ሠንጠረዥ ስልኮችን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ ሲቆጥር፣ አውትሉክ ደግሞ የእጅ ስልክ፣ የቤት ስልክ፣ የሥራ ስልክ ብሎ ይለያል። አንዱ የሌላውን አርእስት ካላወቀ፣ ዓምዱን ያለ ቦታው ያስገባል ወይም ይተወዋል። እናቴ በማስታወሻ ቦታ ላይ «የስኳር ሐኪም፣ ማክሰኞ ብቻ» ብላ የጻፈችው የጠፋው በዚህ ምክንያት ነበር።

ስለዚህ አጠቃላይ ምክራችን ይህ ነው፦ ከስልክ ወደ ስልክ ስታዛውሩ ቪካርድን ምረጡ። ሠንጠረዡን የምትፈልጉት ለማተም ወይም ብዙ ስም በአንድ ጊዜ ለማረም ሲሆን ብቻ ነው።

አማርኛችን ለምን ይበላሻል?

የቪካርድ ታሪክ አጭር ቢሆንም ለእኛ ትምህርት አለው። በብዙ ስልኮች የተሠራጨው 2.1 የተባለው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። የግዕዝ ፊደል ደግሞ ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ይህም ማለት ካርዱ ሲነደፍ ፊደላችን በዚያ መዝገብ ገና ቦታ አልነበረውም ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በ1998 እ.ኤ.አ. 3.0፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ 4.0 የተባሉት እትሞች ወጥተዋል። በመጨረሻው እትም ዩቲኤፍ-8 የተባለው የፊደል አጻጻፍ ግዴታ ስለሆነ አማርኛ ያለ ችግር ይጻፍበታል።

የቆዩ ስልኮች ግን ዛሬም በ2.1 ያወጣሉ። በዚያ እትም አንድ የአማርኛ ፊደል ብዙውን ጊዜ የእኩል ምልክት፣ የላቲን ፊደልና ቁጥር እየተቀላቀሉ በ9 ምልክቶች ይጻፋል። ፋይሉን ከፍታችሁ በእኩል ምልክት የታጨቀ መስመር ብታዩ አትደንግጡ፤ ስሙ አልጠፋም፤ ተጠቅልሎ ነው ያለው። ተቀባዩ ስልክ ይፈታዋል። በእጃችሁ ለማረም ግን አትሞክሩ።

በሌላ በኩል ከዛወራችሁ በኋላ የአማርኛው ስም ተበላሽቶ ብታገኙት፣ መልኩን አይታችሁ ሕመሙን መለየት ትችላላችሁ።

1ኛ/ ባዶ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ከታዩ፣ ስሙ ደህና ነው። ስልኩ ወይም ኮምፒዩተሩ የአማርኛ ፊደል መልክ አጥቶ ነው። ፋይሉን ሌላ ስልክ ላይ ክፈቱት።

2ኛ/ ራሷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ» በየመካከሉ እየተደጋገመች ሌሎች እንግዳ ምልክቶች ከከበቧት፣ ፋይሉ በትክክል ተጽፎ በስሕተት ተነብቧል። ምንም ሳታስቀምጡ ዝጉትና ዩቲኤፍ-8 መሆኑን መርጣችሁ እንደገና ክፈቱት።

3ኛ/ የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮ ከታየ ግን፣ ፊደሉ በእርግጥ ጠፍቷል። ከዚያ ፋይል የሚገኝ ነገር የለም። ወደ መጀመሪያው ስልክ ተመለሱ። አሮጌውን ስልክ ቶሎ አትደምስሱ የምንለውም ለዚህ ነው።

የእኛ ስምና የፈረንጅ ሣጥን

አንዲት አንባቢያችን «አዲስ ስልክ ከገዛሁ ወዲህ እኅቴን በስሟ ፈልጌ አጣኋት፤ በአባታችን ስም ሥር አገኘኋት» ብለው ጽፈውልናል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቪካርድ ስምን በአምስት ክፍል ይከፍላል፤ በመጀመሪያ የቤተሰብ ስም፣ ቀጥሎ የራስ ስም፣ ከዚያም ተጨማሪ ስም፣ ማዕረግና ከስም በኋላ የሚመጣ ቅጽል። እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም። የራሳችን ስም አለ፤ የአባት ስም አለ፤ የአያት ስም አለ። ሴት ልጅም ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም። ፕሮግራሙ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ሲወስደው፣ በፊደል ተራ የሚደረድረውም በዚያው ነው። በብዙ አይፎኖች ላይ ዝርዝሩ ከመጀመሪያው የሚደረደረው እንዲህ ነው።

መፍትሔው በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ ስሞች በመጀመሪያው ስም እንዲደረደሩ ማዘዝ ነው። ይህ ስሙን አይነካም፤ ተራውን ብቻ ይለውጣል። ሠንጠረዥ የምታዘጋጁ እንደሆነ ደግሞ «ወ/ሮ»፣ «አቶ»፣ «ዶ/ር» የመሳሰሉትን ከስሙ ጋር አንድ ላይ አትጻፉ። ለማዕረግ የተለየ ዓምድ አለ። ያለዚያ የእድሩ እናቶች ሁሉ በ«ወ» ሥር ይሰለፋሉ።

እንደ እናቴ ያሉ ሰዎች ስም የሚመዘግቡበትም የራሳቸው መንገድ አላቸው። «የበኩሬ ክርስትና እናት»፣ «ቧንቧ ሠሪው»፣ «ታች ሰፈር ያለችው»፣ «የጤፍ ሴትዮ»። ልጆቻችን ይህን አይተው ይስቃሉ፤ «ላስተካክልልሽ» ብለውም በመዝገብ ስም ይለውጡታል። አትፍቀዱላቸው። ለባለቤቷ የሚጠቅመው ባለቤቷ የምታውቀው ስም ነው። የዓለሙ ደንብ እንኳ ከእኛ ጋር ነው፤ በ4.0 እትም ግዴታ የሆነው እንዳለ የሚጻፈው ሙሉ መጠሪያ ሲሆን፣ በአምስት የተከፈለው ስም በውዴታ የሚሞላ ሆኗል። ስለዚህ «የጤፍ ሴትዮ» ሙሉ መጠሪያ መሆን ትችላለች።

በውጭ አገር ያሉ ልጆች

ልጆቻቸው ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሄዱባቸው እናቶች ይህን ክፍል በተለይ ያንብቡት። በ09 የተመዘገበ ቁጥር የሚሠራው አገር ውስጥ ብቻ ነው። ልጅቷ ቤሩት ወይም ሪያድ ደርሳ የዚያን አገር ሲም ስታስገባ፣ በ09 የተመዘገበውን የእናቷን ቁጥር ብትደውል ስልኩ የሚፈልገው የዚያን አገር ቁጥር ነው። እናቲቱ አትገኝም። ልጅቷም በጭንቅ ሰዓት ብቻዋን ትቀራለች።

ስለዚህ ከጉዞ በፊት የቤተሰቡ ቁጥሮች ሁሉ በ+251 ይስተካከሉ። ዜሮው ወጥቶ በምትኩ +251 ይገባል። ሁለቱንም አንድ ላይ መጻፍ ስሕተት ነው። ከዚያ የሚመጡ ቁጥሮችም እንዲሁ በአገሩ መለያ ይመዝገቡ፦ ለሳዑዲ ዓረቢያ +966፣ ለተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ +971፣ ለሊባኖስ +961። ስልኳ ቢወሰድባት ወይም ቢሰበር የምታስታውሰው እንዲኖራት፣ ልጅቷ ሁለት ቁጥር በቃሏ ታጥና፤ በወረቀት ጽፋም ከልብሷ ጋር ትያዝ።

ደረጃ በደረጃ እንዴት እንሥራው?

1ኛ/ አሮጌውን ስልክ አትስጡ፣ አትሽጡ፣ አትደምስሱ። ቢያንስ ለአንድ ወር በመሳቢያ ይቀመጥ።

2ኛ/ በአሮጌው ስልክ ላይ ስንት ስም እንዳለ ቁጠሩ ወይም ከዝርዝሩ ላይ አንብቡና ጻፉት። በሲም ላይ ያሉትንም አትርሱ፤ መጀመሪያ ወደ ስልኩ ገልብጧቸው።

3ኛ/ በአንድሮይድ ስልክ የስሞቹን ዝርዝር ክፈቱና በማስተካከያው ውስጥ «ኤክስፖርት» የሚለውን ፈልጉ። ስልኩ የቪሲኤፍ ፋይል ይሠራላችኋል። ቁልፍ ካላቸው አሮጌ ስልኮች ብዙዎቹ ደግሞ ስሞችን በብሉቱዝ ይልካሉ ወይም በሚሞሪ ካርድ ላይ ያስቀምጣሉ።

4ኛ/ ፋይሉን ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩት፤ አንድ ቅጂ በኮምፒዩተር ወይም በሚሞሪ ካርድ ይቀመጥ። ይህ ቅጂ አይነካም፤ ማረም ካስፈለገ በሌላ ቅጂ ላይ ነው። እኔ ይህን አንድ ነገር አድርጌ ቢሆን ኖሮ የእናቴ ስሞች አይጠፉም ነበር።

5ኛ/ በአዲሱ ስልክ ላይ ፋይሉን ክፈቱና ስሞቹን አስገቡ። አይፎን ከሆነ በኢሜይል የመጣውን ፋይል ስትከፍቱ ስሞቹን ሁሉ ልጨምር ወይ ብሎ ይጠይቃል። አይፎን የሲኤስቪ ሠንጠረዥን በቀጥታ አይቀበልም። ያላችሁ ሠንጠረዥ ብቻ ከሆነ ወደ ጉግል የስሞች መዝገብ አስገቡትና ከዚያ በቪካርድ መልሳችሁ አውጡት፤ ጉግል ሁለቱንም ዓይነት ይቀበላል፣ ሁለቱንም ያወጣል።

6ኛ/ ሠንጠረዡን በኤክሴል ማየት ግድ ከሆነ ፋይሉን ሁለት ጊዜ ነክታችሁ አትክፈቱት። ባዶ ኤክሴል ክፈቱና ከ«ዳታ» ዝርዝር ውስጥ ከጽሑፍ ፋይል ማስገቢያውን ምረጡ፤ የፊደሉን አጻጻፍ ዩቲኤፍ-8፣ የስልኩን ዓምድ ደግሞ መጠን ሳይሆን ጽሑፍ ነው በሉት። ዜሮውም የመደመር ምልክቱም በቦታቸው ይቆያሉ።

7ኛ/ በመሥሪያ ቤታችሁ በኮምፒዩተር ላይ በሚሠራው የቆየው አውትሉክ የምትጠቀሙ ሠራተኞች፣ ብዙ ካርድ የያዘ የቪሲኤፍ ፋይል ስትከፍቱ የመጀመሪያውን ሰው ብቻ ሊያስገባ እንደሚችል እወቁ። ለእሱ በአውትሉክ አርእስት የወጣ ሠንጠረዥ ይሻላል።

8ኛ/ አስገብታችሁ ስትጨርሱ ቁጠሩ። ከዚያም አምስት ሰዎችን መርጣችሁ ከአሮጌው ስልክ ጋር አስተያዩ፦ አንድ ስሙ በአማርኛ የተጻፈ፣ አንድ ሁለት ቁጥር ያለው፣ አንድ የመስመር ስልክ፣ አንድ ውጭ አገር ያለና አንድ ማስታወሻ ያለው። አምስቱ ደህና ከሆኑ የቀሩትም ደህና የመሆናቸው ተስፋ ትልቅ ነው። ከአምስቱ አንዱ ከተሳሳተ ግን ሁሉንም ሰርዛችሁ እንደገና ጀምሩ እንጂ በእጅ ለመጠገን አትቸኩሉ።

9ኛ/ አንድ ስም ሁለት ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ከመጣ፣ ማዋሐዱን በመጨረሻ አድርጉት። የጉግል መዝገብ የተደጋገሙትን ለይቶ ያሳያል፤ ነገር ግን የመጠሪያ ስማቸው አንድ የሆኑ ሁለት ሰዎች እንዳይቀላቀሉ አንድ በአንድ እያያችሁ ፍቀዱ። ብትሳሳቱ የጉግል መዝገብ እስከ 30 ቀን ድረስ ወደ ነበረበት መመለስ ይችላል።

የሰው አደራ

በኢንተርኔት ላይ ፋይል በነፃ እንለውጣለን የሚሉ ብዙ ገጾች አሉ። የስም ዝርዝራችሁን ወደዚያ አትላኩ። በዝርዝሩ ውስጥ ያለው የእኛ ቁጥር አይደለም፤ የጎረቤት፣ የመምህርት፣ የሐኪም፣ የእድርተኛ ቁጥር ነው። አምነው የሰጡን ለእኛ ነው። ዝርዝሩ በማን እጅ እንደሚገባ፣ ለምን እንደሚውል አናውቅም። ከላይ የተገለጸው መንገድ ያለ እንዲህ ዓይነት ገጽ የሚሠራ ነው። የስልክ ጠጋኝ ዘንድ ስትሄዱም ፋይሉ ከሱ ኮምፒዩተር ላይ መሰረዙን ቆማችሁ ተመልከቱ።

ወረቀቱም አይናቅ

ዕድሜያችሁ ገፋ ያለ አንባቢያን እንደምታስታውሱት፣ መስከረም 1998 ዓ.ም. የአገራችን የስልክ ቁጥር ሁሉ በአንድ ጊዜ ተለውጦ ነበር። የአካባቢው መለያ ከ2 ወደ 3፣ የቤቱ ቁጥር ከ6 ወደ 7 አኃዝ አደገ። ያን ጊዜ እናቶቻችን የስልክ ደብተራቸውን አውጥተው፣ አሮጌውን ቁጥር በአንድ መስመር ሰርዘው፣ አዲሱን ከጎኑ በእስክሪብቶ ጻፉ። ያም ቢሆን ከአንድ አጻጻፍ ወደ ሌላ ማዛወር ነበር። ልዩነቱ አሮጌው ከመስመሩ ሥር መነበቡ ነው። የተሳሳተ ሰው መለስ ብሎ ያያል። ኮምፒዩተር ግን ካላዘዝነው በቀር የሰረዘውን አያሳየንም።

እኔና እናቴ የጠፋውን ለመመለስ ሦስት እሑድ ፈጅቶብናል። ከእድሩ ጸሐፊ መዝገብ፣ ከማኅበርተኞቿ ስልክና ከዚያው ከአሮጌው ደብተር እየለቀምን ሞላነው። በየስሙ ላይ ቆም እያለች ማን እንደሆነች፣ የት እንደተዋወቁ ትነግረኝ ነበር። ስልክ ከመግዛቴ በፊት ልጠይቃት ይገባኝ የነበረው እንዲህ ያለው ነገር ነበር። ሁለት ስሞች አሁንም አልተገኙም። የወዳጇን ልጅ ቁጥር ግን እናቴ ለአርባው ስትሄድ ራሷ ተቀብላ፣ በእጇ መዘገበችው። አሁን በማቀዝቀዣው በር ላይ አሥር ቁጥሮች በትልቁ ተጽፈው ተለጥፈዋል። የእኔን ምክርም አሻሽለነዋል፤ የማታውቀው ቁጥር በሌሊት ሁለተኛ ጊዜ ከደወለ ታነሣለች፤ ገንዘብ ወይም የምስጢር ቁጥር ከጠየቁ ብቻ ትዘጋለች።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ስልካችሁን አውጡና አንድ የቪሲኤፍ ቅጂ አዘጋጁ። አሥር ቁጥርም በወረቀት ጻፉ። ሥራው ቡና ከሚፈላበት ጊዜ አይበልጥም። በስም ማዛወር ላይ የገጠማችሁን ችግር በዚህ ዓምድ አድራሻ ብትጽፉልን በተከታዮቹ እትሞች እንመለስበታለን። እስከዚያው ደህና ሁኑ።